የቡችላው ንክሻና የወንዙ ክልከላ

በእኛ ሰፈር ሰው ተረጋግቶ የሚነጋገረው ወይ ለቅሶ ቤት ነው፣ ወይ ዝናብ ሲያግተው። በዚያ የነሐሴ ከሰዓት እኔን ያገተኝ ዝናብ ነበር። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አወረደው፤ እኔም ሮጬ ከድልድዩ አጠገብ ካለችው ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። ኮልፌን በክረምት የሚያውቅ ያውቃታል። ወንዙ ከላይ ያገኘውን ፌስታልና ጥራጊ ሁሉ እያግበሰበሰ ይወርዳል፤ ነፋሱ በቆሼ በኩል ከመጣ ደግሞ አፍንጫን ይዞ መሮጥ ነው። እኔ ወለተጻድቅ እባላለሁ። ዕድሜዬን የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

በረንዳው ሥር ጋሽ ይገዙ ቀድመውኝ ቆመዋል። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሁለት ሰው ሲጣላ «እስቲ ጋሽ ይገዙ ይስሙት» የሚባልላቸው ሰው። በእጃቸው አፉ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ አንጠልጥለዋል።

«ምን ይዘው ነው በዚህ ዝናብ?» አልኳቸው።

«መብረቅ ነው፣ ቡችላዬ። ትናንት ሞተብኝ። ወንዙ ሞልቷልና ልጥለው ብዬ ነው» አሉኝ። ከፍቷቸዋል።

ይህን ስንባባል አንዲት ወጣት ከታክሲ ወርዳ ቦርሳዋን በራሷ ላይ ደፍታ እየሮጠች መጣች። ጁወይሪያ ናት፤ የቆርቆሮ ነጋዴው የአህመድ ልጅ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን የእንስሳት ሐኪም ሆናለች። እጅ ነስታ ሰላምታ ሰጠችን።

«እንዴት ነሽ የውሻ ሐኪሟ!» አሉ ጋሽ ይገዙ፤ ቢከፋቸውም ማሾፍ አይተዉም። «እኔ እኮ እስላም ውሻ አይነካም ሲባል ነው የማውቀው።»

«እንታጠባለን ጋሽ ይገዙ» አለች እየሳቀች። «ሃይማኖቴ ምራቁ ከነካሽ ታጠቢ አለኝ እንጂ እንስሳው ሲሞት ቆመሽ እዪ አላለኝም። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ነገሯት። ወዲያው ሳቋን ተወች።

«በምን ሞተ?»

«በምን ይሞታል? ሰው በላው እንጂ! አንዷ መጥታ ‹ውይ፣ እንዴት ያምራል!› አለችው። ቱፍ ቱፍ እንኳ ሳትል ሄደች።»

«ከሰው ዓይን በፊት ሌላውን እንይ፤ ብዙ ቡችላ የሚሞተው በሌላ ነገር ነው። ሆዱ ተነፍቶ ነበር?»

«ከበሮ ያህል! ጠግቦ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ጥጋብ አይደለም ጋሽ ይገዙ፣ ትል ነው። ቡችላ ትሉን ከእናቱ ሆድና ከጡቷ ይዞት ይመጣል። ለዚህ ነው ገና ዓይኑን ገልጦ መዳህ ሲጀምር የትል መድኃኒት የምንጀምርለት፣ ጡት እስኪተው ድረስም የምንደጋግምለት። ትሉ እሱን አክስቶ ብቻ አይተውም። በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ግቢው አፈር ውስጥ ይገባል፤ አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ልጁ ይዞራል። የልጅ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።»

«እንዴ! ታዲያ እኛ ስናድግ ውሻ በየቤቱ አልነበረም? ማን የትል መድኃኒት ሰጠው?»

«ማንም። ስንቱ ልጅ እንደከሳና እንደሞተ ደግሞ ማንም አልቆጠረም። የበዓል በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባስ ለማን ነው የሚወረውሩት?»

«ለውሻ ነዋ! ሰው ይብላው?»

«ማንም አይብላው፤ ይቀበር ወይ ይቃጠል። ያ ቋጠሮ በውሻው ሆድ ትል ሆኖ፣ ተመልሶ በሰው ጉበት ውስጥ ቋጠሮ ይሆናል።»

እኔ እውነቱን ለመናገር በራሴ አፈርኩ፤ የፋሲካውን ጉበት እኔም ለእሳቸው ውሻ ነው የወረወርኩት። ጋሽ ይገዙ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«መብረቅ እኮ በደንብ ነው ያደገው» አሉ። «ቁጡ እንዲሆን ጆሮውን ቆርጬ፣ ጠብሼ ለራሱ አብልቼዋለሁ።»

«ያተረፈው ቁስል ነው። ክትባትስ?»

«የምን ክትባት? እናቱ ቡቺ ዘንድሮ የእብድ ውሻ ክትባት ተከትባለች። ከተከተበች እናት የተወለደ ደሙ አንድ አይደለም እንዴ?»

«የእናት ጡት የሚጠብቀው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዚያ እሱ ራሱ መከተብ አለበት። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ደም የሚያስቀምጠውንና የሳልና ትኩሳቱን በሽታ ክትባት፣ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻውን፤ ከዚያ በየዓመቱ። መብረቅ ደም አስቀምጦት ነበር?»

«ኧረ ተቅማጥ የሚባል አላየሁበትም። ይልቅ ዝም አለ። አልጋ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ ይወሸቅ ጀመር። ድምፁ ጎረነነ፤ ሲጮህ የታነቀ ይመስል ነበር። በሩን እንጨቱን ያኝካል። ለሀጩ ይዝረከረካል፤ በመጨረሻ የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረና ሞተ።»

ጁወይሪያ ማዳበሪያውን አየች፤ ቀጥሎ እጃቸውን አየች። ፊቷ እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም።

«ጋሽ ይገዙ፣ እባክዎ መሬት ላይ ያስቀምጡትና ይራቁ። ይህ ውሻ አብዶ ነው የሞተው።»

«ውሃ ይጠጣ ነበር እኮ! ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል።»

«ውሻ የግድ ውሃ አይፈራም። አፉን ውሃ ውስጥ ይነክርና መዋጥ ያቅተዋል፤ የሚያየው ሰው ጠጣ ይላል። በዚህ የተታለለ ስንት ሰው አለ መሰልዎት! ሰው ነክሷል?»

ጋሽ ይገዙ ወደ ወንዙ ዞሩ።

«ሰው ነክሷል ወይ?» አልኩ እኔ፤ ጮኼ ነው ያልኩት።

«ሜቲን ጣቷን ጫር አድርጓታል። ወተት ልትሰጠው ብላ። ባለፈው ሳምንት ነው። የቡችላ ጥርስ ምን አላት ብዬ…»

ሜቲ የልጅ ልጃቸው ናት። ጠዋት ጠዋት በሬን ሳታንኳኳ ገብታ «ቲቸር፣ ተረት!» የምትለኝ ልጅ። እናቷ ቤተልሄም ለሥራ ክፍለ ሀገር ስትሄድ ለአባቷ ለጋሽ ይገዙ አደራ ብላ ጥላት ሄዳለች።

«ቁስሉን በሳሙና አጠባችሁት? በሚፈስ ውሃ፣ ረዘም ላለ ጊዜ?» አለች ጁወይሪያ።

«ፌጦ ደቁሰን አሰርንላት። ደግሞም ለማንኛውም ብዬ የእብድ ውሻ መድኃኒቱን አጠጥቻታለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያሉ አዋቂ አሉ፤ ሥሩን በወተት በጥብጠው ነው የሚሰጡት። እኔ እንዲሁ የተቀመጥኩ መሰለሽ?»

«ጥሩ፤ መድኃኒቱን ጠጥታለች። አሁን ደግሞ ተነሥተን ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ክትባቱ ዛሬ መጀመር አለበት፤ የሚሰጡት ከድልድዩ ማዶ ነው፣ በእግር እንደርሳለን።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ወንዝ አለ። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው አርባ ቀን እስኪሞላው ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ ይረክስና በሽታው ይነሣል። ይህን ሁሉም ያውቃል።»

አሁን ገባኝ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ከሰፈር ያልወጣችው፣ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ያልሄደችው ለካ ለዚህ ነው። በሞቷና በሕይወቷ መካከል አንድ ትንሽ ድልድይ፣ ዝናብ ካባራ ልጆች እየዘለሉ የሚሻገሩት ድልድይ ቆሞ ነበር። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ጁወይሪያ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ጋሽ ይገዙ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ቀስ ብላ። «እኚህ አዋቂ ያጠጡት ሰው ሲድን ምን ይባላል?»

«መድኃኒቱ አዳነው ይባላል።»

«ሲሞትስ?»

«ወንዝ ተሻግሮ ነው ይባላል። ወይም ሴት ነክቶ ነው፣ ወይም ያልሆነ ነገር በልቶ።»

«እንግዲህ የዳነው የእሳቸው፣ የሞተው የወንዙ ነው። እኚህ ሰው መቼ ተሳስተው ያውቃሉ?»

«በዓይኔ ያየኋቸው የዳኑ አሉ ስልሽ!»

«ይኖራሉ። ጤነኛ ውሻ የነከሰው ሁሉ ፈርቶ ይሄዳል፤ ሳይጠጣም አይሞትም ነበር። ያበደ ውሻ ከነከሰውም መርዙ ያልገባበት አለ። ሜቲ ግን የተነከሰችው ምልክቱን ሁሉ አሳይቶ በሞተ ውሻ ነው።»

«የእናንተን መርፌ ተወግቶ የሞተ የለም?»

«አለ፤ አልዋሽዎትም። ዘግይቶ የመጣ አለ። የምቸኩለውም ለዚህ ነው። በሽታው አንዴ ራስ ምታቱና ውሃ መፍራቱ ከጀመረ እኔም፣ የትኛውም ትልቅ ሆስፒታልም ምንም ማድረግ አይችልም። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ያቺ ልጅ ትድናለች። ‹ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ› የምትሉት እናንተ አባቶቻችን አይደላችሁም?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ሽማግሌው ያልጠበቅነውን ነገር መናገር ጀመሩ፤ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ፣ ባምላኩ የሚባል። የገዛ ውሻችን ነከሰው። መድኃኒቱን ጠጣ፤ ወንዝ እንዳይሻገር ተነገረው። ዘመድ ቤት ሠርግ ነበረ፣ ከወንዝ ማዶ። ‹እቀራለሁ› ሲለኝ ‹ና ባክህ፣ ምን ትሆናለህ!› ብዬ ክንዱን ይዤ አሻገርኩት። ወር ሳይቆይ ታመመ። ውሃ ባየ ቁጥር ጉሮሮው ይታነቅ ነበር። ለአራት ይዘን በገመድ ከምሰሶ ጋር አሰርነው። ‹ወንድም ጋሼ፣ ፍታኝ› እያለኝ ነው የሞተው። እናቴ ‹ወንዙን ማን አሻገረው?› ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አገሬን ለቅቄ የመጣሁት ለዚያ ነው። እንግዲህ ይህችንም በእጄ ይዤ ላሻግራት?»

ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖረን ይህን አልሰማሁም። ልቆጣ የነበርኩት ሴትዮ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ጋሽ ይገዙ» አለች ጁወይሪያ፣ እሷም ዓይኗ ሞልቶ። «ወንድምዎን እርስዎ አልገደሉትም። በሽታው ከተነከሰበት ቀን ጀምሮ በጅማቱ ወደ አንጎሉ እየተጓዘ ነበር። ሠርጉ ቢቀርበትም፣ ከአልጋው ባይነሣም ይሞት ነበር። የገደለው ንክሻው ነው።»

«እውነትሽን ነው?»

«ወላሂ እውነቴን ነው።»

«ወንዙ አይደለም?»

«ወንዙ አይደለም። እርስዎም አይደሉም።»

ሽማግሌው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ከትልቅ ሸክም ሲገላገል የሚስቅ ይመስለናል፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲበቃቸው ተነሡና «ልጄን ላምጣት» አሉ። ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቁም።

ሜቲን በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ። ድልድዩ አፋፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። አማተቡ። «በስመ አብ» ብለው የልጅቷን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙና ተሻገሩ። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ። ማዶ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ ካጠበች በኋላ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቻት፤ ጋሽ ይገዙም የሞተውን ውሻ በባዶ እጃቸው ስለነካኩ አብረው ተወጉ። ጁወይሪያ ደግሞ ጓንት አጥልቃ ማዳበሪያውን ለምርመራ ወሰደችው። ውጤቱ እንደፈራችው ሆነ። ከመብረቅ ጋር ከቡቺ ተወልደው፣ ሲነካከሱ ያደጉት ሁለት ቡችሎችም እንዲወገዱ ተደረገ፤ ሜቲ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። የክትባት መርፌ ተቆጥቦ ሦስት ቡችላ ጠፋ።

ግን የከፋው ገና ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ጋሽ ይገዙ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ደሜስ?» አሉ።

ደሜ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ የአገራቸው ልጅ፣ እንደ አባቱ የሚያያቸው ጎልማሳ። መብረቅ ሲታመም አፉን ከፍቶ መድኃኒት ሊያጠጣላቸው ሲል አንጓው ላይ ነክሶታል። ለዘመን መለወጫ አገሩ ሊገባ ስለነበረ ጋሽ ይገዙ ሥሩን ቋጥረው ሰጥተውታል። «እዚያ ስትደርስ ጠጣው፤ ከጠጣህ በኋላ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር» ብለው አደራ ጨምረው ሸኝተውታል።

ያን ዕለት ስልኩ ላይ ደወልን፤ አይሠራም። በማግስቱም፣ በሌላውም ቀን እንዲሁ። ጋሽ ይገዙ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልገው «ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ፣ የነገርኩህን ተወው» ብለው ላኩበት። መልእክቱ ደርሶታል። ደሜ ግን መልእክተኛውን እንዲህ ብሎ መለሰው፦ «ሐኪም ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው። ጋሽ ይገዙ ደግሞ እንዲህ አይሉም፤ ወንዝ አትሻገር ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።»

ሰው ቃሉ ሲሰማለት ደስ ይለዋል። የተሳሳተ ቃል ሲሰማለት ምን እንደሚሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ይገዙ ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ሊሄዱ ተነሡ፤ መንገዱ ግን መልእክተኛው ከተመለሰ ወዲህ በክረምቱ ጎርፍ ተዘግቶ ሰነበተ። ደሜ አርባ ቀኑን ቆጥሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ፣ በጥቅምት ተመለሰ። የተነከሰበትን አንጓውን ይበላው ነበር። በተመለሰ ማግስት፣ እሑድ ዕለት፣ ውሃ ሲያቀርቡለት ብርጭቆውን ወረወረው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክም፤ ሰባተኛው ቀን ሳይመጣ ቀበርነው።

ድንኳኑ ከድልድዩ ወዲህ ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው እንደ ተለመደው ያንሾካሽካል። «አርባው በደንብ ሳይሞላ ተሻግሮ ነው አሉ።» «አባይን የሚያህል ወንዝ! እንዴት ይደፍራል?» የደሜ ታላቅ እህት ከአገር ቤት መጥታ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሁሉን ትሰማለች። ጋሽ ይገዙ ከእድሩ ወንበር ተነሡ። ለስብከት የተነሡ መሰለን።

«ወንድሞቼ» አሉ፣ «ደሜን ወንዝ አልገደለውም። ሜቲን ታውቋታላችሁ። እሷን የነከሰው ያው ውሻ ነው። ይህን ድልድይ በእኔ እጅ ተይዛ ለእያንዳንዱ መርፌ ተሻግራለች፤ ያቻትና፣ ንፍሮ እያደለች ነው። ሁለቱንም የነከሰ አንድ ውሻ፣ ሁለቱም የጠጡት አንድ ሥር ነው። ልዩነቱ መርፌው ነው። ደሜን መርፌ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። የውሻዬን ቡችላ ሳላስከትብ አሳደግሁ፣ ከዚያ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው መከርኩት።»

ጋሽ ይገዙ በበትራቸው መሬቱን መታ አድርገው ቀጠሉ።

«የምላችሁ ይህን ነው። ቡችላ የወሰደ ሰው መጀመሪያ የትል መድኃኒት ይስጠው፤ ግቢው ይጸዳለታል፣ ልጆቹ አይከሱበትም። ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትበው፤ እናቱ ተከትባለች አይበል። በየዓመቱ ይድገም። ክትባት ውሻ አያፈዝም፤ ቡቺ ዛሬም ሌባ ታባርራለች። ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ፣ ቡችላ ይሁን አሮጌ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። መንገዱ ላይ ወንዝ ካለ ይሻገር። በእኔ ይሁንባችሁ።»

የደሜ እህት ቀና አለች። ሁላችንም ልትረግማቸው ነው ብለን ፈራን፤ ብትረግማቸውም ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«አባቴ» አለች፣ «ይህን እዚህ ተናግረው ምን ይሆናል? እዚህ ሐኪም ደጃችሁ ነው። አገር ቤት መጥተው ይንገሩልን። ደሜን የነከሰው ውሻ የነከሳት ልጅ እዚህ መርፌ ተወግታ ዳነች፤ እኛ ዘንድ ግን ሰሞኑን ሌላ ውሻ አብዶ ሦስት ሕፃን ነክሷል። ሦስቱም ሥሩን ጠጥተው ወንዝ እንዳይሻገሩ ተከልክለዋል።»

ጋሽ ይገዙ በትራቸውን አነሡ። ከድንኳኑ ወጥተው ቀጥታ ወደ አህመድ ቤት ሄዱ፤ ከጁወይሪያ ጋር ተማክረው ማምሻውን ጋቢያቸውንና በትራቸውን አዘጋጁ። በማግስቱ ማለዳ ከእሷ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሦስቱም ልጆች ወንዙን ተሻግረው ተከትበዋል ብለው የደወሉልን በሁለተኛው ቀን ነው።